ለዚያ አሜንህ

ዲላ

ውድ ልጄ ፈለቀ፣

«ውድ» ያልኩህ መምህራችን ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብሎ ስላስተማረን ነው። ጤናህን አልጠይቅም። ትናንት ኢሱዙው ውስጥ ከፊት ተቀምጠህ፣ ስልክህን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ በደጄ ስታልፍ አይቼሃለሁ። ደህና ነህ። ፊትህን ወደ ግቢው እንዳላዞርክም አይቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ሐዋሳ ትማር በነበረ ጊዜ ቃሌን የሚጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ነበር። እኔ «ይሄ ባለጌ ምነው ድምፁ ጠፋ በልልኝ» እለዋለሁ፤ እሱ «እማማ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» ይልና «ናፍቆትህ በርትቶብኛል» ብሎ ይልክልሃል። ያን ሁሉ ዓመት ቁጣዬ በሰው እጅ እየለዘበ ነው የደረሰህ። አሁን የሚያለዝብልህ የለም። የማታ ትምህርት ስጀምር እንግዳ ፊት «እማዬ፣ አሁን ተምረሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?» ብለህ ስቀህብኛል። ሚኒስትር የሚያደርግ አልተማርኩም፤ ለአንተ የሚበቃ ግን ተምሬያለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ሩሃማ ቅንድብ ነው።

ያን ቀን የሆነውን አንተም እኔም እናውቃለን። ግን አንተ ሌላ ታሪክ ስለነገርክ፣ የእኔ ደግሞ በወረቀት ይቀመጥ። ኅዳር ነበር፣ ቡናው የቀላበት ሰሞን። ግቢዬ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ይመችሃልና የቡና እሸት መረከቢያ አድርገኸዋል። ሚዛንህ ደጄ ላይ፣ ጆንያህ በረንዳዬ ላይ፣ ሠራተኞችህ ምድጃዬ ዙሪያ። ሰው ሲጠራ፣ አህያ ሲራገፍ፣ ስልክ ሲጮህ ይውላል። ልጅህ ሩሃማም ከትምህርት ቤት ወጥታ እናቷ ከጤና ጣቢያ እስክትመለስ እኔ ዘንድ ትውላለች። ምሳዋም የእኔ ነው፣ የሠራተኞችህ ምሳም የእኔ ነው። «ደከመሽ ወይ?» ያልከኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ካለ አስታውሰኝ።

ሩሃማ ያን ሰሞን የምትለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሚዛኑ ላይ ወጥታ ስንት ኪሎ እንደሆነች እንድትነግራት።

«አባቢ፣ እኔንስ?»

«ቆይ።»

«አባቢ፣ አሁንስ?»

«ቆይ አልኩሽ እኮ! ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ከጪጩ እሸት ጭኖ የመጣው ያ ሽማግሌ ገበሬ እንኳ አዘነላት። «ጌታው፣ በል እስቲ መዝናት» አለህ፤ «እሷን እንኳ ሳትቀንስ መዝን።» ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ አልሳቅክም፤ ወደ ስልክህ ተመለስክ።

እኔ ለሠራተኞችህ ቆጮ የምጋግርበትን ኮባ ልቆርጥ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጩኸቷን የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው። ብቻዋን ወጥታ ኖሯል። ሚዛኑ ከእሸቱ በወረደ ውሃ ረጥቦ ነበርና እግሯን አዳለጣት፤ ቅንድቧ የብረቱ ጠርዝ ላይ አረፈ። ቢላዬን ጥዬ ስመጣ በረንዳው ላይ ተንበርክከሃል። የቡና ጣሳዬ ክዳኑ ወልቆ አጠገብህ ተቀምጧል። የወቀጥኩትን ቡና በእፍኝህ ዘግነህ የልጅቷ ቅንድብ ላይ ጠቅጥቀኸዋል። ፊቷ በደምና በቡና ጭቃ መስሏል።

«ደሙ ቆሟል፣ ደሙ ቆሟል» ትላለህ።

«ምን አደረግክ አንተ?»

«አንቺስ ለእኔ ታደርጊልኝ አልነበር? ጉልበቴ ላይ!»

አዎ፣ አድርጌልሃለሁ። ያኔ የምወስድህ ሐኪም ቤትም፣ የምወስድህ መኪናም አልነበረኝም። አንተ ግን መኪናህ ደጅ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ነበር። እሱን እንኳ ማየት አቃተህ። ማየት ያቃተህ ግን አይመስለኝም። አይተኸዋል። ወናጎ የሚደርስ እሸት ጭኖ ነበርና ለልጅህ ሳይሆን ለቡናው ነበር የቆመው።

«እማዬ፣ አንቺ ያዣት። ካደረ ይበላሽብኛል፣ እየጠበቁኝ ነው» ብለህ አሸከምከኝና ሄድክ። ሩሃማ «አባቢ» እያለች እጇን ወደ ጀርባህ ዘርግታ ነበር። አላየህም። እኔ አይቻለሁ። ሠራተኞችህም አይተዋል፤ እነሱ ግን የሚበሉት ከአንተ እጅ ስለሆነ አፋቸውን ዘግተዋል።

ያነሣን ጋዲሳ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳው። «ግቢ እማማ፣ ቶሎ ግቢ!» ብሎ የጫናቸውን ሁለት ተማሪዎች አስወርዶ ነው ያሳፈረን። እነሱ «ኧረ ጋሼ፣ ክላስ አለን!» ሲሉ፣ እሱ «ክላሱ አይደማም፣ ውረዱ!» አላቸው። ልጅቷ ጭኔ ላይ ሆና ለቅሶዋን ተወችና ቀና ብላ፣ «እማማ፣ ግን ስንት ኪሎ ሆንኩ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ሁሉ ደም መሀል የምትጠብቀው ያንን ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ በሚስትህ ክፍል በር ላይ ወረፋው ሙሉ ነበር። ትጊ ነርስ ናት፤ በየሳምንቱ እናቶችን ሰብስባ «ቁስል ላይ ቡና አታድርጉ፣ ቅቤ አታድርጉ፣ አመድ አታድርጉ» እያለች ታስተምራለች። አሁን የገዛ ልጇ ግንባሯ ላይ ቡና ተለጥፎባት ከፊቷ መጣች። ያን ጊዜ አዝኜላታለሁ፤ ያን ጊዜ ብቻ።

«ማነው ይሄን የጠቀጠቀው?» አለች።

ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር ቶሎ አልመለስኩም። ለአንተ ደወለች። እጇ በደም ተይዞ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

«ፈለቀ፣ ልጅቷ ቅንድብ ላይ ቡና ማነው ያደረገው?»

የመኪናው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ እንዲህ አልክ፦

«እኔማ መንገድ ላይ ነኝ፣ እዚያ አልነበርኩም። እማዬ ትሆናለቻ። አታውቂያትም እንዴ?»

ትጊ እኔን አየች። ወረፋ የያዙት ሴቶች እኔን አዩ። ሩሃማም ባንዱ ዓይኗ እኔን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። አፌን ከፍቼ «እሱ ነው» ማለት እችል ነበር፤ አንተ እዚያ አልነበርኩም ስትል ጣትህ ላይ ያለው ቡና ገና አልታጠበም ነበርና። ግን ዝም አልኩ። ቤትህ እንዳይታመስ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንተ ያን ዝምታ እንደ ምርቃት ቆጥረህ ወሰድከው።

ቁስሉ ትንሽ ነበር። ቡናው ታጥቦ ወጣ፣ ሁለት ቦታ ተሰፋ፣ ፕላስተር ተደረገበት። ሐኪሙ ከረሜላ ሰጣትና ሳቀች። እዚያ ላይ አብቅቶ ቢሆን ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

አመሻሹ ላይ መጣህ። ይቅርታ ልትል መስሎኝ ወንበር አቀረብኩልህ። አልተቀመጥክም፤ ጎንበስ ብለህ የጫማህን ክር እያሰርክ ነው የተናገርከው።

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ትጊን ታውቂያታለሽ፣ እኔ ነኝ ብላት ዓመት ሙሉ አታናግረኝም። አንቺ ብትሆኚ ግን ማንም አይገረምም።»

ማንም አይገረምም።

ይህን ቃል ብዙ ቀን ሳላምጠው ከረምኩ። ያላዋቂነቴን በረንዳ አድርገኸዋል፤ ዝናብ ሲመጣብህ ሮጠህ ትጠለልበታለህ። መቼም የጀመርከው ዛሬ አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ሳለህ መምህርህ «ወላጅ አምጣ» ብሎ የሰጠህን ወረቀት «ጎበዝ ተማሪ ነው ይላል» ብለህ አነበብክልኝ። እኔ ሞኝ ዶሮ አሳርጄ አበላሁህ። መምህርህ ገበያ ላይ አግኝቶ ሲነግረኝ ግን ሳቅኩ፤ ልጅ ነው ብዬ፣ አእምሮው ፈጣን ነው ብዬ። አሁን ልጅ አይደለህም፣ እኔም አልስቅም።

ቀጥሎ እሑድ መጣ። ጉባኤው ላይ «የሚመሰክር አለ?» ሲባል ሚስትህ ተነሣች።

«ጌታ ይመስገን! ቅዱሳን፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልንገራችሁ። ጠላት የልጄን ዓይን ሊያጠፋ ተነሥቶ ነበር።»

«ሃሌሉያ!» አለ ሕዝቡ። ዓይኗ መቼ ተነካ? እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ቅንድብ እንዴት ዓይን እንደሚሆን እሰማለሁ።

«በገዛ ቤታችን፣ ባላወቁ እጆች፣ በጎጂ ልማድ ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር። ጌታ ግን አልተወኝም!»

ስሜን አልጠራችም። መጥራት አላስፈለጋትም። የሴቶቹ አንገት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። «ከጨለማ ወደ ብርሃን ያወጣን ጌታ ይክበር» ብላ ስትጨርስ ጉባኤው አሜን አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ አሜን ለይቼ ሰማሁ። ወፍራም ነው፣ ከወንዶቹ በኩል ነው የመጣው፣ ከሌላው ሁሉ ዘግይቶ ነው ያበቃው። ያን ድምፅ የወለድኩት እኔ ነኝ።

ትጊ አፏ ልክ የለውም፤ ይህን በፊቷም እነግራታለሁ። ቢሆንም የመሰከረችው አንተ የነገርካትን ነው። አንተ ግን የገዛ ውሸትህ ከመድረክ ሲነገር ሰምተህ፣ በእግዚአብሔር ቤት፣ እናትህ ፊት አሜን አልክበት።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሰነበትኩ አልጠየቅከኝም። እነግርሃለሁ። የጉባኤው እህቶች ተራ በተራ እየመጡ እጄን ይዘው «አይዞሽ፣ ጌታ ያላዋቂነትን ዘመን ያልፋል» አሉኝ። ሸዋነሽ፣ ጎረቤቴ፣ እሷ እንኳ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም፣ ነገሩ በአጥር ደርሷት፣ «አትጠገብ፣ እኔ ቡና ነይ ስትይኝ ለመጠጣት መስሎኝ ነበር የምመጣው። ግንባሬን ሸፍኜ ልምጣ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩላት። ቤቴ ስገባ ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

የማታ ትምህርት ቤትም አልቀረልኝም። መምህራችን ስለ ጤና የተጻፈውን ገጽ ተራ በተራ አስነበበን። ተራው እኔ ላይ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ «ቁስል ላይ ቡና አንጨምርም» የሚል ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ ሁሉ አፉን በነጠላ ያዘ። መምህሩ ራሱ መስኮቱን አየ። እኔ ግን ሳልንተባተብ አነበብኩት። በሕይወቴ ሳልንተባተብ ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ደስ ይበልህ።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ሰው አፍ ውስጥ መግባት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ አባትህ ሞቶ ቆጮ ገበያ አውጥቼ እየሸጥኩ ሳሳድግህም ገብቼ ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ሩሃማን አስቀራችሁብኝ። ከወናጎ አንዲት ሞግዚት አምጥታችሁ እሷ ዘንድ አዋላችኋት። ትጊ «እማዬ ደክሟታል፣ ትረፍ» ብላ ላከችብኝ። ለሠራተኞችህ ምሳ ሳበስል አልደከመኝም፤ ልጅቷን ለመያዝ ብቻ ደከመኝ ማለት ነው። ሚዛንህና ጆንያህ ግን አልደከሙብኝም፣ እዚያው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አልቻልኩምና ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። እረፍት ላይ ነበሩ። በአጥሩ ሽቦ በኩል ጠራኋት። ፕላስተሩ ገና አልተነሣላትም።

«እማማ! ማሚ አንቺ ጋ አትሂጂ አለችኝ።»

«እሺ የእኔ ሆድ። ያምሻል?»

«አያምም፣ ይበላኛል።» ዞር ብላ ወደ ኋላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ቡናውን ያደረግሽብኝ አንቺ ነሽ አይደል?»

«ማነው ያለሽ?»

«አባቢ ነዋ። ማሚ ከጠየቀችሽ እማማ ናት በይ አለኝ።» ፕላስተሩን በጣቷ ነካ አደረገችና፣ «እኔ ግን አባቢ መስሎኝ ነበር» አለች።

መስሎኝ ነበር! የአምስት ዓመት ልጅ፣ እጅህ ፊቷ ላይ ሆኖ ዓይን ለዓይን ያየችህ ልጅ፣ ያየችውን ነገር ከእኔ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ደወል ተደወለ፣ ሮጣ ገባች። ሽቦውን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ትጊ «ጠላት የልጄን ዓይን ሊያጠፋ ነበር» ስትል ልክ ነበረች ፈለቀ። ጠላቱ ማን እንደሆነ ነው ያላወቀችው።

አሁን ደግሞ ሽማግሌ ሰደድክብኝ። ከጉባኤያችን ወንድም ግዛቸው ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ጸልየው ተቀመጡ።

«እማማ አትጠገብ፣ ነገሩን አናስረዝመው። ትጊን ይቅርታ በያት፣ ልጅቷ በነጋታው ትመጣለች።»

«ምን አድርጌያት?»

«ያው… የቡናውን ነገር።»

«የላካችሁ ፈለቀ ነው?»

«አዎ፣ ስለ አንቺ እያለቀሰ ነው የላከን።»

«ያልቅስ፤ እንባ ለቅንድብ አይጎዳም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወንድም ግዛቸው ግን አልሳቀም፤ «አንድ ቃል እኮ ናት» አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልላቸው ነበር። «በነጋታው ትመጣለች» የሚለውን ስሰማ ዓይኔ ወደ በረንዳው ሄደ። አንዱ እግር ጫማዋ እስካሁን በረንዳዬ ላይ ነው። አንድ ቃል ብናገር ነገ መጥታ ትጫማው ነበር። ግን ያን ቃል ከተናገርኩ ልጅቷ መጥታ ጭኔ ላይ ትቀመጥና፣ «አይደል እማማ፣ አንቺ ነሽ?» ትለኛለች። እኔም አዎ ልላት ነው። ከዚያ በኋላ በዓይኗ ያየችውን የማታምን፣ ሰው የነገራትን የምታምን ልጅ ሆና ታድጋለች። የእኔን ስም ጣለው፣ ዱሮም ከፍ ያለ ስም አልነበረኝም። የእሷን ዓይን ግን አልሰጥህም። «አስቤ እነግራችኋለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው፤ ቅዳሜ እንመለሳለን ብለዋል።

አስቤ ጨረስኩ። ስለዚህ ስማኝ።

ቅዳሜ ሽማግሌ እንዳይመጣብኝ፣ ደጄ ዝግ ነው። እሑድ «የሚመሰክር አለ?» ሲባል ትነሣለህ። ሚስትህ የቆመችበት ቦታ ትቆማለህ። ሩሃማ ከፊት ተቀምጣ እየሰማችህ፣ ቡናውን ማን እንዳደረገ፣ ማን ጥሏት እንደሄደና ማን ዋሺ እንዳላት በአፍህ ትናገራለህ። ትጊ ዓመት ካላናገረችህ ዓመቱን ቻለው። አንተ የሸሸኸውን ዓመት እኔ ጀምሬዋለሁ።

ካልተነሣህ እኔ እነሣለሁ። ይህን ወረቀትም አልይዝም። በቃሌ እናገራለሁ፣ ማንም አያለዝብልህም። ያን ጊዜ ግን፣ ማንም አይገረምም ያልከው ሰው ሁሉ ይገረማል።

ደብዳቤውን ጋዲሳ ያደርስልሃል። ከአንተ እጅ ሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ለትጊ ብልከው ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱን ግን ከአንተ አፍ ትስማው ብዬ ለአንተ ላክሁት። ይህ ለአንተ የቀረኝ ርኅራኄ ነው፣ አትልመድበት።

ከተናገርክ በኋላ ልጅህን ይዘህ ና። ስልክህን መኪና ውስጥ ትተህ ግባ። ሚዛኑን ጠርገህ አድርቀውና እጇን ይዘህ አውጣት። ስንት ኪሎ እንደሆነች እስካሁን አልነገርካትም።

እሑድ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነኝ። አሜን የምለው አንተ ተናግረህ ስትጨርስ ነው።

እናትህ አትጠገብ
በገዛ እጄ